ሁለተኛው ጥሪ

ዶክተር አመለወርቅ ይትባረክ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አራተኛ ፎቅ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ትገባለች። የዝናብ ካፖርቷን ከበሩ ጀርባ ሰቅላ፣ ወንበሯን ወደ ስልኩ አስጠግታ፣ ከመደወሏ በፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል ዐይኖቿን ጨፍና ትቀመጣለች። ክፍሏ ቀድሞ የተበላሹ የጽሕፈት መኪናዎች ማከማቻ ነበረች፤ መኪናዎቹ ከተነሡ ዓመታት ቢያልፉም የቀለም፣ የዛገ ብረትና የረጠበ ወረቀት ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። ጥሩ ቀን ሲሆን በመስኮቱ የጦሳ ተራራ ይታያል ይባላል። ወሩ ነሐሴ ስለነበረ ግን ደሴ ከጠዋት እስከ ማታ በጉም ተጠቅልላ ትውላለች፤ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ዝም ያለ ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ ከነጩ ውስጥ አንዳንዴ የመኪና ጥሩምባ፣ አንዳንዴ የሰው ሳል ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም።

ሥራዋ ማታለል ነበር፤ በደብዳቤ የተፈቀደ ማታለል። በዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታጠና የኖረችው አንድ ነገር ነው፦ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሰዎች ምስጢር ለምን አሳልፈው ይሰጣሉ? ይህ መሥሪያ ቤት ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት ስለሆነ፣ አንድ የይለፍ ቃል የማይሆን ሰው እጅ ከገባ የሞተው ያለ፣ ያለው የሞተ ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል፤ ኃላፊው ጥናቱን የፈቀዱላትም ይህን ፈርተው ነበር። አመለወርቅ ከጠባቧ ክፍል በውስጥ መስመር ለአርባ ሠራተኞች አንድ በአንድ ደወለች። ከኮምፒውተር ክፍል ነኝ አለቻቸው፤ ሲስተሙን እያስተካከልን ነው፣ የይለፍ ቃልዎን ቢነግሩኝ ቶሎ እጨርስልዎታለሁ አለቻቸው። የሚነግራት ሰው የመጀመሪያውን ፊደል እንደጠራ፣ በቃ ተገኝቷል ብላ ታስቆመዋለች፤ ቃሉን እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ከስሙ ትይዩ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሳምንቱ ሲያልቅ ከአርባዎቹ ሃያ ዘጠኙ ነግረዋት ነበር።

ቁጥሩ አላስደነቃትም፤ የትም መሥሪያ ቤት እንዲሁ ነው። ያደከማት ሌላ ነገር ነበር። ሰዎቹ ቃላቸውን የሚሰጧት ባለማወቅ ሳይሆን በማዘን ነው፤ ሰኞ ዕለት በጉንፋን በተዘጋ ድምፅ የደወለችላቸው ሁሉ አይዞሽ እህቴ፣ ሥራ በዝቶብሻል መሰለኝ እያሉ ሳያስጨርሷት ነገሯት። ይህን በወረቀቷ ላይ ጻፈችው። ማክሰኞ ጉንፋኑ ሲለቃት ድምፅዋን ሆን ብላ ዝቅ አደረገችው፤ ረቡዕ ሆን ማለት አላስፈለጋትም። አራት ኮርስ ታስተምራለች፣ የጥናቱ ሪፖርት ለመስከረም ይፈለጋል፣ ማታ ማታ የተማሪ ወረቀት ታርማለች። ቤት ስትገባ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ብርቅነሽ ራቷን አቅርባ ስታነጋግራት ቃል እንኳ አትመልስላትም፤ የሰው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሲገባባት ስለሚውል ማታ ለማንም የሚተርፍ ጆሮ የላትም።

በሁለተኛው ሳምንት የደወለችላቸውን ሰዎች እየጠራች እውነቱን መንገርና መጠየቅ ጀመረች። መጀመሪያ የመጡት አቶ ደጀኔ ነበሩ፤ ምድር ቤት ያለውን የድሮ መዝገብ የሚጠብቁ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቁጥብ ሰው። ሸሚዛቸው ተኝተውበት የተነሡ ይመስል ተጨማዷል፤ ከኮታቸው የምድር ቤት ሻጋታ ሽታ ይወጣል። የደወለችላቸው ለጥናት እንደነበር ስታስረዳቸው አልተቆጡም፤ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«የመጀመሪያው ምንም አይደል፣ ዶክተር» አሏት። «ሁለተኛውን ባይደውሉልኝ ነበር ደጉ።»

አንድ ጊዜ ብቻ እንደደወለች ነገረቻቸው። አቶ ደጀኔ፣ ሰው የሚያሳፍረውን ነገር ሲክድ በይሉኝታ ዝም እንደሚባለው ዓይነት ዝም አሏት። ከዚያ በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት እንደደወለች፣ ድምፅዋም ያው እንደነበር፣ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ ብላ እንደጀመረች በዝግታ ተናገሩ። ምን ጠየቅኩዎ ስትላቸው እጃቸውን እያዩ ስለ ቤት ነው አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። አመለወርቅ በማስታወሻዋ ላይ «የትዝታ ስሕተት» ብላ ጻፈች፤ የደከመ ሰው የሰማውንና ያሰበውን እንደሚያደባልቅ ከማንም በላይ ታውቃለች። አቶ ደጀኔ ፈርመው ሊወጡ ሲሉ በሩን እንደያዙ ቆሙና፣ ቅዳሜና እሑድም ምድር ቤት መዋል ይፈቀድ እንደሆነ ኃላፊውን ትጠይቅላቸው ዘንድ ለመኗት።

ሁለተኛው ሰው ያንኑ አለ። ሦስተኛዋም። ረቡዕ ድረስ ሰባት ሰዎች፣ እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ፣ ሁለቴ ደውለውልናል አሏት፤ ነገሩን አፍረጥርጣ የነገረቻት ግን የጋብቻ ክፍሏ ፀሐፊ ሐያት ብቻ ነበረች። በከተማው ባለፈው በጋ ቤት ሰብሮ መዝረፍ በዝቶ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ አንድ ቃል ተስማምቷል፤ ሲያንኳኩ ከውስጥ ማነው ይባላል፣ ቃሉን ያላለ አይከፈትለትም። ሁለተኛው ጥሪ የጠየቀው ያንን ቃል ነበር። ቤትዎ ደርሰው ሲያንኳኩ ከውስጥ ማነው ሲባሉ ምን ይላሉ ብሎ፣ እንዲሁ በደከመ ድምፅ። ሐያት ለምን እንደመለሰች ስትጠየቅ ሻሿን እያስተካከለች፣ እንደዚያ ሆነው ሲለምኑኝ እንዴት እምቢ ልበልዎ አለቻት። ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ ብላ ጠየቀቻት። ሐያት ወደ ነጩ መስኮት አየችና፣ ከዚያ ወዲህ ቤት አልሄድኩም አለች።

አመለወርቅ ያን ቀን ሕንጻውን ልብ ብላ ማየት ጀመረች። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ የጥርስ ብሩሾች በብርጭቆ ተሰድረዋል፤ የታጠበ የአዋቂ ሰው ካልሲ በቧንቧው ላይ ተሰጥቷል። በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ፣ በገመድ የታሰረ ፍራሽ ቆሟል። ከዚህ በፊት የወረቀትና የዝናብ ብቻ መስሏት የነበረው ሽታ፣ ጠጋ ብላ ስታሸተው፣ መስኮት ሳይከፈት ብዙ ሰው ያደረበት ቤት ሽታ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመውጫው ደወል ሲደወል ጥቂቶቹ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሌሎቹ ግን የተቀመጡበት ቀሩ፤ አንዳንዱ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ይገለብጣል፣ አንዳንዱ የጠፋ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጧል፤ ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

ወደ ምድር ቤት ወረደች። አቶ ደጀኔ ከመዛግብቱ መካከል በዱካ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበሉ ነበር፤ እንዳየቻቸው ለምን ወደ ቤትዎ አይሄዱም አለቻቸው። አቶ ደጀኔ ዳቦውን በወረቀት ጠቀለሉት።

«ሄጄ ነበር» አሉ። «ቤት ሰው አለ።»

ሌባ ነው ወይ ስትላቸው አይደለም አሉ። ባለቤታቸው ከውስጥ ሆና፣ ደጀኔ ገብቶ ራቱን እየበላ ነው፣ አንተ ማነህ እንዳለቻቸው፤ የሚያኝከውን ሰው ድምፅ በበሩ በኩል እንደሰሙ፤ አስተኛኘኩ የራሳቸው እንደነበር፣ በግራ መንጋጋቸው የጎደለውን ጥርስ እያለፈ እንደሚያኝክ ነገሯት። ለፖሊስ አመልክተው ፖሊስ አብሯቸው ሄዶ ነበር። ፖሊሱ ብቻውን ገብቶ ከውስጥ ካለው ሰው ጋር ተነጋገረ፤ ሲወጣ ይቅርታ ብሎ በሩን ዘግቶ፣ አቶ ደጀኔን ከዚህ ሰፈር ዳግመኛ እንዳላይህ አላቸው። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም፤ ተናግረው ተናግረው የሰለቹት ነገር ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ወደ እንድሪስ ሄደች። እንድሪስ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ጥናቱን ከሠራተኞቹ መካከል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ባለፈው ሐምሌ መጠይቆቿን በካርቶን ተሸክሞ ቤቷ ድረስ ያደረሰላት፣ ከልቡ የሚያከብራት ሰው። የውስጥ ስልኩን መዝገብ አትሞ አወጣላት። ከእሷ ክፍል የወጡት ጥሪዎች አርባ መሆን ነበረባቸው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሰባ ስምንት ነበሩ። ሠላሳ ስምንቱ ሁሉ የተደወሉት በስድስት ሰዓት ተኩልና በሰባት ሰዓት ተኩል መካከል፣ እሷ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን በቦርሳዋ ይዛ ምሳ በወጣችበት ሰዓት ነው። እንድሪስ ወረቀቱን እየሰጣት ሌላ የሚናገረው ነገር ያለ ይመስል አፉን ከፈተ፤ በዚያው ስብሰባ ተጠርቶ ሄደ።

ያን ቀን ምሳ አልወጣችም። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ከስልኩ ፊት ተቀመጠች። ሕንጻው በምሳ ሰዓት እንደሚሆነው ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ የወንበር መጎተት፣ የደረጃ ላይ እርምጃ፣ ከታች የመኪና በር፣ ከዚያ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ጉሙ መስኮቱን ስለተጫነው ክፍሏ ውስጥ ያለው ብርሃን ከየትም የሚመጣ አይመስልም ነበር። ስድስት ተኩል አለፈ። ስልኩ አልጮኸም፤ መብራቱም አልበራም። ግን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያሳረፈችው ክንዷ ስር አንድ በጣም ቀጭን መንቀጥቀጥ ተሰማት፤ ጎረቤት ከግድግዳ ማዶ ሲያወራ እንደሚሰማው ዓይነት። እጇን በእጀታው ላይ አደረገች። ሞቆ ነበር፤ ሰው ለረጅም ሰዓት ጆሮው ላይ ይዞት እንደቆየ ስልክ ሞቆ ነበር።

አነሣችው።

«…ባለፈው ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ» ይላል የገዛ ድምፅዋ። ዝቅ ያለ፣ የዛለ፣ በየቃሉ መካከል የሚያርፍ። «አንድ ነገር ብቻ ናት የቀረችኝ። ቤትዎ ደርሰው ሲያንኳኩ፣ ከውስጥ ማነው ሲባሉ ምን ይላሉ?»

በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሴት ተነፈሰች። አመለወርቅ አተነፋፈሷን ለየችው፤ የልደት ክፍሏ ሰዓዳ ነበረች። በመጀመሪያው ጥሪ መታወቂያሽን ይዘሽ ራስሽ ነይ ብላ ስልኩን የዘጋችባት፣ ከአርባው ሰው ሁሉ ያስደሰተቻት ሰዓዳ። አመለወርቅ አትንገሪያት ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷ ግን ከክፍሏ አልወጣም፤ መስመሩ ላይ ማንም የሰማት አይመስልም።

«ቆሎ አምጥቻለሁ ነው የምለው» አለች ሰዓዳ በመጨረሻ፣ እንደማፈር ብላ። «ለልጄ ነው። ብቻዋን ስለምትውል።»

ያ ድምፅ አመሰገነ። ሰዓዳ ዘጋች። መስመሩ ግን ክፍት ሆኖ ቀረ፤ አመለወርቅ እጀታውን ይዛ፣ በዚያ በኩል አንድ ሰው እንደሷ ሲተነፍስ፣ እሷ ትንፋሿን ስትይዝ እሱም ሲይዝ ሰማች። ከዚያ ድምፁ፣ ለእሷ ሳይሆን አጠገቡ ላለ ለሌላ ሰው እንደሚናገር ሆኖ፣ መስመሩ ላይ ሰው አለ አለና ተዘጋ።

ወደ ሁለተኛው ፎቅ እየሮጠች ወረደች። ሰዓዳ ከምሳ ሰዓቱ ቀድመው የተሰለፉትን ሰዎች ፊት ለፊት ይዛ ማህተም ታደርግ ነበር፤ አመለወርቅ ወደ ጥግ ጠርታ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት፣ ዛሬውኑ ወደ ልጅሽ ሂጂ አለቻት። ሰዓዳ ስለ ጥናቱ ከባልደረቦቿ ሰምታ ነበር። አመለወርቅ ስትጨርስ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም ወይ የደወሉልኝ አለች። አይደለሁም አለች አመለወርቅ። ሰዓዳ ፊቷን አጠናችው፤ ከዚያ የተናደደችም የደከማትም በሚመስል ፈገግታ፣ ይሄም ጥናት ነው፣ አሁን ደንግጬ ሥራዬን ጥዬ እሄድ እንደሆነ ሊያዩ ነው፣ አይደል አለቻት። አመለወርቅ ማለች፤ ብትምል ብትገዘት ሰዓዳን የባሰ አራቀቻት። የሚያስቸኩል ነገር ይዞ የመጣን ሰው ቆም ብላችሁ ጠርጥሩት እያለች ለዓመታት ያስተማረችው እሷ ራሷ ናት። ሰዓዳ ወደ ሰልፉ ተመለሰች።

እንድሪስ ከስብሰባው የወጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችውና ሰዓዳን እንዲያሳምንላት፣ ቢያንስ የኃላፊዋን ፈቃድ እንዲያገኝላት ለመነችው። እንድሪስ ግን ሰዓዳ የሚለውን ስም የሰማ አይመስልም፤ ግድግዳውን ደገፍ ብሎ መሬቱን ያያል።

«ዶክተር፣ ለእኔም ደውለው ነበር» አላት። «ማክሰኞ።»

«የቤትህን ቃል ጠየቁህ?»

«የእኔን አይደለም። የእርስዎን ነው።»

ከዚያ የቀረውን በችኮላ ነገራት። ካርቶኑን ተሸክሞ ቤቷ ያደረሳት ቀን፣ በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ ማነው ሲባል የመለሰችውን ሰምቶ ነበር፤ ጨው ልበደር ነው ብላ ነበር፣ እህቷም ስቃ ከፈተች። ማክሰኞ የደወለችለት ሴት፣ የራሷ የአመለወርቅ ድምፅ፣ የሰው ምስጢር ሳታስበው ጆሮህ ሲገባ ታስታውሰዋለህ ወይ፣ ይህም የጥናቱ ክፍል ነው አለችው። እሱም በጥናቱ እንደረዳት ቆጥሮ ነገራት። ይቅር ይበሉኝ ይል ነበር፤ አመለወርቅ አልቆየችለትም።

ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ቤቷ ያለው መንገድ ዳገት ነው። ታክሲ በጉሙ ምክንያት አይሄድም፤ በእግሯ ወጣች። ሦስት እርምጃ ከፊቷ ያለው አይታይም፤ ሰዎች ከነጩ ውስጥ ድንገት ብቅ ብለው በአጠገቧ አልፈው መልሰው ይጠፋሉ፤ የአንዱንም ፊት ለይታ አላየችም። ዝናቡ ከካፖርቷ ስር ገብቶ ጀርባዋን አራሰው። ስትደርስ በሩን ደገፍ ብላ በመዳፏ መታችው።

«ማነው?» አለች ብርቅነሽ ከውስጥ።

«ጨው ልበደር ነው።»

ሳቅ አልተሰማም። በሩም አልተከፈተም። እርምጃ እስከ በሩ ደርሶ ቆመ።

«ብርቄ፣ እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ።»

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለች እህቷ። በሕይወቷ አንድም ቀን እርስዎ ብላት አታውቅም። «እህቴ እታለም ገብታለች። እንደሚመጡ ነግራኛለች። ድምፅዎ የእሷን እንደሚመስልም ነግራኛለች።»

አመለወርቅ ሌላ ሰው ሊያውቃቸው የማይችላቸውን ነገሮች ሁሉ አወራች፤ የእናታቸውን የመጨረሻ ቀን፣ ብርቅነሽ በልጅነቷ የወደቀችበትን ጉድጓድ፣ ትናንት ማታ የቀረበላትን ሽሮ። እህቷ ሁሉንም ከሰማች በኋላ፣ ይህንንም እንደሚሉኝ ነግራኛለች አለች፤ ድምፅዋ ፈርቷል፣ ግን የጠነከረ ነበር። በበሩ ጣውላዎች መካከል ቀጭን ክፍተት አለ። አመለወርቅ ዐይኗን አስጠጋች። ሳሎኑ ውስጥ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ካወለቀች በኋላ የቀኝ ተረከዟን፣ አመለወርቅ ማታ ማታ እንደምታደርገው፣ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ታሸዋለች። እፎይ እያለች ትተነፍሳለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ አሁን ገና ያረፈች ሰው አተነፋፈስ።

ስልኳን አውጥታ ለብርቅነሽ ደወለች። ስልኩ ከውስጥ ጮኸ። ያነሣችው የተቀመጠችው ሴት ናት፤ ፊቷን ሳታዞር፣ አቤት አለች። አመለወርቅ ምንም ሳትናገር ዘጋችው።

የጎረቤቶቿ በሮች ሁሉ ዝግ ነበሩ፤ ስታንኳኳባቸውም ሁሉም ከውስጥ ማነው አሏት። ስሟን ስትናገር አንዷ ሴትዮ፣ አመለወርቅን ቅድም ስትገባ ሰላም ብያታለሁ አለቻት። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ለማልቀስ የሚሆን ጉልበት ግን አላገኘችም፤ ሰውነቷ የሚፈልገው ጣሪያ ያለው ደረቅ ቦታ፣ የሚሞቅ ነገር፣ ማንም ማነሽ ሳይላት ለአንድ ሰዓት ያህል መቀመጥ ብቻ ነበር። በዚያ መካከል ሰዓዳ ትዝ አለቻት። ሰዓዳ ሥራ ላይ ናት። ልጅቷ ብቻዋን ናት። የልጅቷን በር የሚያስከፍተውን ቃል ያ ድምፅ ከሰማው ከአራት ሰዓት በላይ ሆኖታል፤ ምናልባት ገና ካልመጣ፣ ቀድማው ብትደርስ፣ ቢያንስ አንድ ቤት ታድናለች። ይህ ሐሳብ አቆማት።

የሰዓዳ ቤት ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ በአንድ ታክሲ ሲወርዱ የምትገባበትን ቅያስ ስላየች ታውቀዋለች። ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። የሰፈሩ መብራት ጠፍቷል፤ ወፍጮውም ቆሟል፤ የረጠበ ዱቄት ሽታ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይጣበቃል። በቆርቆሮው በር ስር የሻማ ብርሃን ትወዛወዛለች። ልጅቷ ደኅና ናት፤ ገና ማንም አልመጣም። አመለወርቅ ልታንኳኳ እጇን አነሣችና ቆመች። እውነቱን ብትነግራት አትከፍትላትም፤ የማታውቃት ሴት ናት፤ አለመክፈቷም ልክ ነው። ልጅቷን ለመጠበቅ ግን ከውስጥ መሆን አለባት። አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ቀጭን ድምፅ።

«ቆሎ አምጥቻለሁ» አለች አመለወርቅ።

የወጣው ድምፅ ራሷን አስገረማት። ብርዱና ጩኸቱ የራሷን ድምፅ ዘግቶት ነበር፤ የቀረው ወፍራም፣ ለስላሳ፣ እንደማፈር ያለ ድምፅ ነበር፤ በምሳ ሰዓት በስልክ የሰማችው የሰዓዳ ድምፅ። መቀርቀሪያው ተነሣ። ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ሻማው ከኋላዋ ስለሆነ ፊቷ ሳይታይ፣ እርጥቡን ካፖርት በሁለት እጇ ያዘች።

«እማ፣ ዛሬ ቶሎ መጣሽ» አለች። «በስብሰሻል።»

አመለወርቅ እናትሽ አይደለሁም ልትል ነበር። ልጅቷ ግን ወደ ውስጥ እየሳበቻት ነበር፤ ቤቱ ሞቃት ነበር፤ ከሰል ያለበት ምድጃ፣ አጠገቡ ዝቅተኛ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ጋቢ ነበረበት። ቆይቼ እነግራታለሁ አለች በልቧ፤ መጀመሪያ በሩ ይዘጋ። መቀርቀሪያውን ራሷ ጣለች፤ መጥበቁንም በእጇ ፈተሸች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳታስፈራት እየተጠነቀቀች፣ አሁን አንዲት ሴት እንደምትመጣ፣ ድምፅዋ የእናቷን ድምፅ እንደሚመስል፣ ስለ ቤታቸውም ብዙ ነገር ልታወራ እንደምትችል፣ የፈለገችውን ብትል ግን መክፈት እንደማይገባ ነገረቻት። ልጅቷ እሺ አለች። ጋቢውን ዘርግታ ደረበችላት። አመለወርቅ የረጠቡትን ጫማዎቿን አወለቀችና እግሯን ወደ ምድጃው ዘረጋች፤ ከብዙ ወራት በኋላ ትከሻዋ ሲወርድ፣ ደረቷ ሲከፈት ተሰማት።

ብዙም ሳይቆይ ከውጭ እርምጃ ተሰማ፤ ጭቃ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ፣ ዘግይቶ ወደ ቤቱ የሚቸኩል ሰው እርምጃ። በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ እንደተነገራት ከቦታዋ አልተነሣችም።

«ቆሎ አምጥቻለሁ» አለ ድምፅ ከውጭ፤ ትንሽ ቆይቶም፣ «እናትሽ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» ሲል ደገመ፤ ከዚያ የልጅቷን ስም እየጠራ ቆርቆሮውን በመዳፉ መምታት ጀመረ።

ልጅቷ ወደ አመለወርቅ ጎን ተጠግታ፣ ፊቷን በጋቢው ሸፍና፣ በሹክሹክታ «እማ፣ ማናት?» ስትል ጠየቀቻት፤ አመለወርቅም እጇን በልጅቷ ጀርባ ላይ አድርጋ፣ «አላውቃትም» አለች።